የቴልማ ሃያ አንድ ደቂቃ

ሼፓርተን፣ አውስትራሊያ
ማርች 2 ቀን 1987

ለተከበርከው ወንድሜ ለሲሪል ሃልሶል፤

ሰላምታዬ ከኮክ ማሳችን ተነሥቶ ካለህበት ይድረስህ። ጉልበትህን ይጠብቅልህ፤ ዐይንህንም ጭምር፣ ያን ሰዓትህን እንድታነብበት። እኔና ባለቤቴ ሌን ደህና ነን። ለቀማው ሊያልቅ ጥቂት ረድፍ ቀርቶናል፤ ሙቀቱ ግን ለመሄድ ገና አላሰበም።

አያቶቻችን እኅትማማች ናቸውና በየገናው ካርድ ስንላላክ ሠላሳ ዓመት ሊሞላን ነው። ደብዳቤ ስጽፍልህ ግን ይህ የመጀመሪያዬ ነው፤ እንግዲህ የምፈልገው ነገር እንዳለ ሳይገባህ አልቀረም። ነገሩ ይሄ ነው። የወንድሜን የዊልፍን ሰዓት ላክልኝ።

ሐሙስ ሐሙስ የሩጫ ማኅበሩን መዝገብ ይዘህ ማርል ድልድይ ላይ እንደምትቆም ዐውቃለሁ። ከድልድዩ ተነሥቶ በጎመኑ ማሳ መንገድ እስከ ተሽከርካሪው፣ ለጀልባ ዞሮ እስከሚከፈተው ድልድይ በስንት ደቂቃ እንደ ሄደ፣ በቦዩ ዳር በፈረስ መንገዱ በስንት ደቂቃ እንደ ተመለሰ፣ ለየብቻው ጻፍልኝ። ስለ ቤቱ፣ ስለ ኑሮው፣ ስለ እኔ ስለሚለው አልጠይቅም። ሰዓቱን ካየሁ ሌላውን እኔ እደርስበታለሁ። ሰው ይዋሻል፣ ሰዓቱ አይዋሽም።

እኔና እሱ ከተጻጻፍን ዘጠኝ ዓመት እንደ ሆነን ታውቃለህ። ስለዚህ መጠየቄን እንዳይሰማ አደራ።

አክባሪህ ቴልማ

—

ማርል ድልድይ፣ ላንካሸር
ማርች 20 ቀን 1987

ለእኅቴ ለቴልማ፤

ነፋሱ ከምዕራብ ነው፣ መካከለኛ። ቦዩ ሙሉ ነው። እኔ ደህና ነኝ፤ እናንተንም እግዜር ደህና ያድርጋችሁ።

ትናንት፦ ሲሄድ ሃያ አራት ደቂቃ ከዐሥራ አንድ ሰከንድ፣ ሲመለስ ሃያ ስድስት ከአርባ ሦስት። ለስድሳ አንድ ዓመት ሰው የሚያሳፍር አይደለም።

የጎመኑ መንገድ ከፍቷል። ባለ ማሳው በዚህ ዓመት እስከ ቦዩ ጠርዝ ድረስ አርሶታልና ጥቁሩ ጭቃ ጫማ ይነጥቃል። ባለፈው ሳምንት ሦስት ሰው በአንድ እግር ጫማ ደርሷል። ማኅበሩ አቤቱታ ይጻፍ አለ፤ እኔ ከባለ ማሳው ጎመን ስለምገዛ ዝም አልኩ።

ደብዳቤሽን ጠረጴዛ ላይ ትቼው ዊልፍ መጣ። ቴምብሩን አየው፤ ካንጋሮ አለበት።

«ይቺ እንስሳ እዚህ ምን ትሠራለች?» አለኝ።

«ትዘላለች» አልኩት።

«ወደኔ እንዳትዘል ብቻ» አለና ሻዩን ጨልጦ ወጣ። በማግሥቱ ግን ያለ ምንም ጉዳይ መጥቶ በር ላይ ቆመ። «እዚያ አገር ነፋስ አለ እንዴ?» አለኝ። እኔ ምን ዐውቃለሁ። አለ?

ሲሪል

—

ሼፓርተን
ሜይ 10 ቀን 1987

ለወንድሜ ለሲሪል፤

ደህንነትህን እየተመኘሁ፣ ክረምቱ ሳይብስብን ይህን እጽፋለሁ። እናንተ ዘንድ ግን በጋው እየመጣ ነው፤ ፀሐይዋን እየተቀባበልን መኖራችን ነው።

ነፋስ አለ። ግን እንደናንተው ሥራ የሚሠራ አይደለም፤ አቧራ ተሸክሞ ይመጣና አራግፎ ይሄዳል። እኔ አሁንም በሳምንት አራት ቀን እሮጣለሁ። ማሳውን የሚያጠጣው ቦይ እንደናንተ ቦይ ቀጥ ያለ ነው፣ አገሩም እንደናንተ ሜዳ ነው፤ ዳሩ ላይ ግን ፈረስ ጀልባ ሲጎትት ያየ ሰው የለም። በፈረስ ፈንታ እባብ አለ። ሲሞቀው መንገዱ መሀል ይጋደማል፤ እኔ ነኝ የምዞረው።

ዊልፍ «የሜዳ አገር ዳገቱ ነፋስ ነው» ይል ነበር። ዐሥር ዓመት ሲሆነኝ የፈረስ መንገዱን ሕግ ያስተማረኝም እሱ ነው። መንገዱ ጠባብ ነው፤ ባንድ በኩል አጥር፣ ባንድ በኩል ውሃ። የሚቀድም ሰው «ውሃ!» ብሎ ይጮህና በውሃው በኩል ያልፋል፤ የሚቀደመው ወደ አጥሩ ይጠጋል። «የሚቸኩለው ነው መውደቅ ያለበት» ይለኝ ነበር። ሁለት ጊዜ ገብቻለሁ። ሁለቱንም ጊዜ በጸጉሬ ጎትቶ ነው ያወጣኝ።

ስለ ጠባችን መንደሩ ምን እንደሚል አላውቅም። እውነቱ ይህ ነው። እናታችን ስትሞት እኛ ለቀማ እኩሌታ ላይ ነበርን፤ ለቀብሯ አልመጣሁም። ዊልፍ አንዲት መስመር ጻፈልኝ፦ «ኮክ እግር የለውም፣ የትም አይሄድብሽም ነበር።» መልስ ልጽፍ ሃያ ጊዜ ተቀምጬ ሃያ ጊዜ ተነሣሁ። ያናደደኝ እውነቱን መሆኑ ነው።

አሁንም ሲቀድም «ውሃ!» ይላል? ከሰዓቱ ጋር ይህንንም ጻፍልኝ።

ቴልማ

—

ማርል ድልድይ
ኦገስት 27 ቀን 1987

ለእኅቴ ለቴልማ፤

ነፋሱ ከምዕራብ ነው፣ በጣም ብርቱ። ቦዩ ሙሉ ነው። እኔ ደህና ነኝ። በመዘግየቴ ይቅርታ አድርጊልኝ። ተሽከርካሪው ድልድይ እየታደሰ ነበር፤ ከዚያም ወገቤን አመመኝ፤ ከዚያም እስክሪብቶ አጣሁ።

የመንደሩ ወሬ ብዙ ነው። ባለ ማሳው በጎመኑ ፈንታ ሽንኩርት ተክሎ ሯጩ ሁሉ እያለቀሰ ይመለሳል። ዳክዬዎቹ ዘንድሮ ዐሥራ አራት ጫጩት አወጡ። የዛሬው ነፋስ የጎረቤቴን የታጠበ አንሶላ ከገመዱ አንሥቶ ቦዩ ውስጥ ጨመረው፤ አንድ የሽርሽር ጀልባ እንደ ሸራ ተሸክሞት ሄደ። የቤተ ክርስቲያኑ ሰዓት ቆሟል፤ ሁሉም እኔን ይጠይቀኛል።

ዊልፍ ደህና ነው። ዛሬ፦ ሲሄድ ሃያ አምስት ደቂቃ፣ ሲመለስ ሃያ አራት ተኩል። «ውሃ!» ማለቱንም አልተወም።

ሲሪል

—

ሼፓርተን
ሴፕቴምበር 8 ቀን 1987

ለወንድሜ ለሲሪል፤

እንደምን አለህ? እኔ ደህና ነኝ፤ ባንተ ግን ተናድጃለሁ።

ደብዳቤህን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። አንሶላ የሚያነሣ የምዕራብ ነፋስ ነበር ትላለህ። ከማርል ወደ ተሽከርካሪው ድልድይ መሄድ ወደ ምሥራቅ ነው፤ ነፋሱ ጀርባ ይገፋል። ሲመለሱ ደረት ይመታል። በዚያ ነፋስ ሲመለስ ከሄደበት ፈጥኖ የመጣ ሰው አልተወለደም፤ ቢወለድም የስድሳ አንድ ዓመት ሰው አይደለም።

ቁጥሩም ሙሉ ቁጥር ነው። ሲሪል ሃልሶል ሰከንድ ሳይጽፍ ቀርቶ ያውቃል? ሃያ አምስት፣ ሃያ አራት ተኩል! እንደ ድንች ሻጭ አጠጋግተህ ላክህልኝ።

ወንድሜ አይሮጥም። ከመቼ ጀምሮ?

ቴልማ

—

ማርል ድልድይ
ሴፕቴምበር 19 ቀን 1987

ለእኅቴ ለቴልማ፤

ነፋሱ ከምሥራቅ ነው፣ ቀላል። ይህ እውነት ነው። ሌላውንም እውነቱን እነግርሻለሁ።

በሃያ ሁለት ዓመት መዝገብ ያዥነቴ አንድ የውሸት ሰዓት ጻፍኩ፤ እሱንም አላወቅኩበትም። አፍሬያለሁ።

ዊልፍ መሮጥ ያቆመው ከጁን ጀምሮ ነው። ሳንባው ነው። በጎመኑ መንገድ ላይ ቁጭ ብሎ አገኘሁት፤ ጫማውን የሚያስር መስሎኝ ነበር። ሆስፒታል ሄደን ተመለስን። መዳን የለውም ተብሏል። ደብዳቤሽን ተቀብዬ አራት ጊዜ ጀመርኩ፣ አራት ጊዜ ቀደድኩት፤ እስክሪብቶማ ሞልቶ ነበር።

«ለዚያች እንዳትጽፍ» አለኝ።

«ለየትኛዋ?» አልኩት፣ እንዳልገባኝ።

«ለባለ ካንጋሮዋ ነዋ! አንተ የጎመን ራስ፣ ምን እየላክህላት እንደሆነ የማላውቅ ይመስልሃል? ሰዓቴን ነው። ትልቅ ሰው ድልድይ ላይ ቆሞ ሁለት ጊዜ ሲጽፍ አያለሁ፤ አንዱን መዝገብ ላይ፣ አንዱን ፖስታ ጀርባ ላይ።»

«እና ካወቅህ ለምን ዝም አልክ?»

«ጥሩ ሰዓት ነበራ» አለኝ። «አሁን ግን ምን ልትልክላት ነው? ደረጃ ስወጣ የሚወስድብኝን?» ከዚያም በማኅበሩ መዝገብ አስምሎኝ ሄደ። አንቺ አትንገረው ትያለሽ፤ እሱ አትንገራት ይላል። እኔ በሁለት ግትሮች መካከል የፖስታ ሣጥን ሆኛለሁ።

ሐኪሙ እስከሚመጣው ዓመት በጋ ይቆያል ብሏል። እኔ ሐኪም አይደለሁም። ሥራዬ ግን ማን መቼ እንደሚደርስ ማወቅ ነው፤ የዊልፍን እርምጃም አርባ ዓመት አይቼዋለሁ። ገናን ያልፋል። ከዚያ ወዲያ ላለው ደቂቃ አልመድብለትም።

የገና ማግሥት የማካካሻው ሩጫ አለ። ሥርዐቱ አልተለወጠም፤ ደካማው ቀድሞ ይነሣል፣ ፈጣኑ መጨረሻ፣ ደቂቃውን በትክክል ከመደብኩ ሁሉም ረፋድ አምስት ሰዓት ላይ አንድ ላይ ማርል ድልድይ ይደርሳሉ። ዊልፍ መሮጥ ባልችልም እራመዳለሁ ብሎ አፉን ሞልቶ ተመዝግቧል። ስድስቱን ማይል አይችልም። መድረሻው አንድ ማይል ሲቀረው የቆመው የማይል ድንጋይ ጋ በመኪና ይወስዱትና ከዚያ ይነሣል። ርቀት ቆርጬ ለሰው ሰጥቼ አላውቅም ነበር፤ ለሱ ቆረጥኩ።

መምጣት ከፈለግሽ ያ ቀን ነው።

ሲሪል

—

ሼፓርተን
ኦክቶበር 2 ቀን 1987

ለወንድሜ ለሲሪል፤

ስለ ነገርከኝ እግዜር ይስጥህ። አልቅሼ ጨርሻለሁ፤ አሁን ሥራ እንሥራ።

የአውሮፕላን ቲኬት ይዣለሁ። ዲሴምበር 22 እደርሳለሁ። ሌን «ሂጂ፣ ዛፉ እኔንም ያውቀኛል» ብሏል። ለቀማው ሲጀመር ግን መመለስ አለብኝ።

ለማካካሻው መዝግበኝ። ስድስት ማይል በቦዩ ዳር፣ ትናንት፦ አምሳ አራት ደቂቃ ከሃያ ሁለት ሰከንድ፤ ነፋስ የለም፣ ሙቀት አለ፣ አንድ እባብ። አምሳ ሰባት ዓመቴ ነው። በዚህ ላይ ደቂቃዬን መድብ። የሐዘን ደቂቃ ብትጨምርልኝ ግን አልሮጥም።

ቴልማ

—

ማርል ድልድይ
ኖቬምበር 15 ቀን 1987

ለእኅቴ ለቴልማ፤

ነፋሱ ከሰሜን ምዕራብ ነው፣ ዝናብ ያዘለ። ቦዩ ሙሉ ነው። መንገድሽን እግዜር ያቅናው።

ዝርዝሩን እንደ ልማዱ መጠጥ ቤቱ ግድግዳ ላይ ለጠፍኩት፤ ክርክሩ ከገና በፊት እንዲያልቅ ቀደም አድርጌ ነው የምለጥፈው። ሠላሳ ሁለት ሰው አለ። አንቺ ከፈጣኑ ሃያ አንድ ደቂቃ ቀድመሽ ትነሻለሽ።

ዊልፍ መነጽሩን አድርጎ ከላይ እስከ ታች አነበበው። ስምሽ ላይ ጣቱን አሳረፈ።

«ሃያ አንድ?» አለ። «አበዛህላት!»

«ባመጣችው ሰዓት ነው የመደብኩት።»

«ስትሮጥ ነፋስ አልነበረም ብላለች አላልክም? ነፋስ በሌለበት እናቴም ትሮጥ ነበር። ዐሥራ ዘጠኝ ይበቃት ነበር። ሲሪል፣ ሸውዳሃለች።»

የት ታድራለች ብዬ ጠየቅኩት፤ «እኔ ምን አገባኝ፣ ያንተ እንግዳ» አለኝ። ማክሰኞ ዕለት ግን በቤቱ ሳልፍ የእንግዳ ክፍሉ ፍራሽ መስኮቱ ላይ ተሰጥቶ ነበር።

ሲሪል

—

ሼፓርተን
ጃንዋሪ 18 ቀን 1988

ለወንድሜ ለሲሪል፤

በሰላም ገብቻለሁ። ጤናህ እንዴት ነው? ድልድዩ ላይ ያለ ኮፍያ አትቁም።

አንተ መድረሻው ላይ ስለ ነበርክ የፈረስ መንገዱ ላይ የሆነውን አላየህም። ዊልፍ አብሬው ሳለሁ እንዳልነግርህ አስጠንቅቆኝ ነበር። አሁን ልጻፈው።

የጎመኑን መንገድ ጨርሼ ተሽከርካሪውን ድልድይ ስዞር ነፋሱ ደረቴን መታኝ፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ረስቼው ነበር። ጎንበስ ብዬ ሮጥኩ። የማይል ድንጋዩን አልፌ ግማሽ ማይል ሲቀር ከፊቴ ሰልፍ አየሁ። ሩጫ መሆኑን ካላወቅህ ቀብር ትላለህ። ከኔ በፊት የተነሡት ሁሉ፣ ከኋላ የደረሱብኝና ያለፉኝ ወጣቶችም ጭምር፣ በአንድ ረድፍ እየተራመዱ ነው። ከሁሉም ፊት ዊልፍ አለ፤ በከዘራ፣ በዚያ አሮጌ አረንጓዴ ሹራቡ። አንድም ሰው «ውሃ!» አላለም። ማን ይበል?

ዊልፍ ደግሞ ዞር እያለ ይሳደባል። ትንፋሽ የለውም፣ ስድብ ግን አላለቀበትም።

«እለፉ እንጂ፣ እናንተ ዳክዬዎች! ምን ትከተሉኛላችሁ? እናታችሁ ነኝ?»

ከሰልፉ አንዱ፣ «ተረጋጋ ዊልፍ፣ አንቸኩልም» አለው።

«አንቸኩልም? ሩጫ እኮ ነው! ሲሪል አምስት ሰዓት ብሏል፤ ሰውዬው ብርድ ላይ ቆሟል!»

እኔ መጨረሻ ላይ ቆሜ አየሁት። ቤቱ አራት ቀን አድሬ ስለ እናታችን አንዲት ቃል አልተነጋገርንም ነበር፤ ስለ ሻይ፣ ስለ ዝናብ፣ ስለ ፍራሹ ብቻ። ያኔ ግን ምን እንደሚፈልግ ከዚያ ሁሉ ሰው እኔ ብቻ ዐወቅሁ። ደግሞም ፈራሁ። የታመመ ወንድሙን የሚቀድም ሰው በዚያ መንደር ምን ይባላል?

«ውሃ!» አልኩ። ነፋሱ ወሰደብኝ። ደግሜ ጮህኩ። ሰልፉ አንድ በአንድ ወደ አጥሩ ተጠጋ፤ አንዲት ሴትዮ «ኧረ ነውር ነው» ስትለኝ ሰማሁ። በውሃው ጠርዝ ሁሉንም አልፌ ዊልፍ ጋ ደረስኩ።

«ውሃ፣ ሽማግሌው!» አልኩት።

ሳያየኝ ከዘራውን ወደ አጥሩ አዞረና ቦታ ለቀቀልኝ። ጎን ለጎን ስንሆን አንድ ጊዜ አየኝ። «ዘገየሽ» አለኝ። «በሃያ አንድ ደቂቃ እዚህ ነው የምትደርሺው?»

አለፍኩት። ዞሬ አላየሁም፤ ካየሁ መቆሜ ነው። ከኋላዬ ግን አንድ ሰው «ውሃ!» ሲል ሰማሁ፣ ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ ሁሉም። ዊልፍም እያንዳንዱን በስሙ እየጠራ ሲሰድብ ሰማሁ፤ ከልጅነቴ ወዲህ ያን ያህል ደስ ብሎት ሰምቼው አላውቅም። ሌላውን አንተ ታውቀዋለህ፤ በአራት ሰከንድ ቀደምኳቸው።

ልሄድ ስል በሩ ላይ የነገረኝን ልጨምርልህ። «ኮክ እግር የለውም ያልኩት ልክ አልነበረም» አለኝ። «እግር ባይኖረውም ይበሰብሳል። ሂጂ፣ ልቀሚ።» እኔም፣ «መምጣት ነበረብኝ» አልኩት። «ነበረብሽ» አለ። በቃ፣ ዘጠኝ ዓመቱ በዚህ አለቀ።

ሐሙስ ሐሙስ ካየኸው ንገረኝ። ሰዓት አልፈልግም፤ እንዴት እንዳደረ ብቻ።

ቴልማ

—

ማርል ድልድይ
ፌብሩዋሪ 22 ቀን 1988

ለእኅቴ ለቴልማ፤

ነፋሱ ከምዕራብ ነው፣ ብርቱ። ቦዩ ሙሉ ነው። እግዜር ያጽናሽ።

ዊልፍ ሐሙስ ዕለት ረፋድ ላይ ዐረፈ። ስቃይ አልነበረበትም። ነገ እንቀብረዋለን። «ለቀማው ሳያልቅ እንዳትነግራት» ብሎ እንደ ልማዱ በመዝገቡ ሊያስምለኝ ፈልጎ ነበር፤ አልማልኩም። አንድ ጊዜ ዋሽቼ ያየሁትን አይቻለሁ። አትምጪ፤ አትደርሺም፣ እሱም አይፈልገውም። የሚጠበቅብሽን ቀድመሽ አድርገሻል።

እኔ አዝኛለሁ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በየሳምንቱ ሰዓቱን ጽፌለታለሁ፤ ባለፈው ሐሙስ እጄ ሳላዝዘው በመዝገቡ ላይ ስሙን ጽፎ ቁጥር ሲጠብቅ አገኘሁት።

የማካካሻውን ውጤት ማኅበሩ ይሰረዝ ብሎ ነበር፤ ሰዉ ቆሞ ስለ ነበር ሩጫ አይባልም አሉ። እኔ እንቢ አልኩ። የቆመ በፈቃዱ ቆመ፤ ለአዘኔታ ደቂቃ አልመልስም። ስምሽ መጠጥ ቤቱ ሰሌዳ ላይ በወርቅማ ቀለም ተጽፏል። መዝገቡ ላይ ደግሞ መጨረሻው መስመር እንዲህ ይላል፦ ሠላሳ ሁለተኛ፣ ዊልፍ ሪመር፣ ከማይል ድንጋዩ፣ አምሳ ስምንት ደቂቃ ከሠላሳ ሰባት ሰከንድ። እውነተኛ ሰዓት ነው። ሳምንት ሙሉ ለሚጠይቀው ሁሉ ሲያሳይ ነበር፤ «የደረስኩት ሁሉም ቀድመውኝ ነው» እያለ።

አንድ ነገር ቀረኝ። አንቺ ያን ዕለት ልብስ ልትቀይሪ ስትገቢ አጠገቤ ተቀምጦ፣ «አልነገርኩህም? ሃያ አንድ በዝቷል» አለኝ። እየሳቀ ነበር፣ ዐይኑንም ይጠርግ ነበር፤ ከነፋሱ ነው አለኝ። ነፋሱ ግን ከጀርባችን ነበር።

የማኅበሩን ሕግ ታውቂዋለሽ፤ ያሸነፈ ሰው በሚመጣው ዓመት ሁለት ደቂቃ ይቀነስበታል። ለማንም አልተሻረም። ስለዚህ የሚመጣው የገና ማግሥት ከፈጣኑ ዐሥራ ዘጠኝ ደቂቃ ቀድመሽ ትነሻለሽ። ጽፌዋለሁ።

ሲሪል